ሲስተር ጠብታ እና አጥንቶ የመለሰው ሠፈር

አለፈ! አልፏል! ያውም እንዲሁ ለወጉ አይደለም፤ ፈታኞቹ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጅ ጨብጠው ነው ያሳለፉት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እግሬ መሬት መርገጡንም እንጃ። የደንበኛ ፀጉር ላይ ቢጎዲን እየጠቀለልኩ በመስተዋቱ ራሴን አያለሁ፤ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ። «ምን አግኝተሽ ነው?» ይሉኛል። ምን ያላገኘሁት አለ!

ያለፈው የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። የጽሑፉ ባለቤት ደግሞ እኅቴ ናት፤ ታላቄ፣ እኔ «እትዬ» የምላት፣ ሠፈሩ በሙሉ ግን «ሲስተር ጠብታ» የሚላት።

ይህን ስም ያወጡላት ልጆች ናቸው። እትዬ በጤና ጣቢያችን የክትባት ክፍል ነርስ ናት። ዘመቻ በመጣ ቁጥር ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ በረዶ ያለበትን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ፣ ከበር በር እየዞረች የሠፈሩን ሕፃን ሁሉ አፍ አስከፍታ ጠብታ አድርጋለች። ዛሬ ጢም ያበቀለው ጎረምሳ ሳይቀር መንገድ ላይ ሲያገኛት ለቀልድ አፉን ይከፍትላታል። እሷ እቴ! «ዝጋው፣ ዝንብ ይገባል» ብላው ታልፋለች።

ታዲያ ምን አጥታ ነው በዚህ ዕድሜዋ ዩኒቨርሲቲ የገባችው? አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቷት ነው። ሁለት እናቶች እኩል ልጅ አዝለው ይመጣሉ፤ እኩል ይነገራቸዋል፤ አንዷ በቀጠሮዋ ትመለሳለች፣ ሌላዋ ትቀራለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ስንፍና ነው» ይሏታል። እሷ ግን አልዋጥላት አለ። «ሰው ለራሱ የሚበጀውን እያወቀ ለምንድነው የማያደርገው?» ትላለች፤ ሽንኩርት እየላጠችም ትላለች፣ ታክሲ እየጠበቅንም ትላለች። በመጨረሻ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ውስጥ ይህንኑ የሚያጠና ክፍል እንዳለ ሰማች። ማኅበራዊ ባሕርይ ይባላል። ተፈትና ገባች፤ ጤና ጣቢያውም ፈቀደላት።

እማዬ ስትሰማ፣ «ባሕርይ ደግሞ ይማራሉ እንዴ? እኔ ስቆጣሽ የኖርኩት ምን ነበርና?» አለቻት።

ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ልጆቿ ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ጣቶቻቸው ሲሮጡ የሷ ጣት ገና ፊደሏን ፍለጋ ትዞራለች። ቤቷ ጫጫታ ስለሆነ ከትምህርት መልስ እኔ ፀጉር ቤት ትመጣና የተበላሸው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ራሷን አስገብታ ታነባለች። «ድምፅ ይከልልልኛል» ትላለች። አዲስ ደንበኛ ገብታ፣ ፀጉሯ ደረቅ የሆነ ሴት ያልተሰካ ካስክ ሥር መነጽር አድርጋ ስታይ ደንግጣ ወደ ኔ ትዞራለች። እኔም «እሷ ገና አልበሰለችም» እላለሁ።

አንዳንዴ ያነበበችውን ጮክ ብላ ትነግረኛለች። ሰው አንድን ነገር የሚያደርገው ስላወቀ ብቻ እንዳልሆነ፤ ጎረቤቱ ምን ይለኛል፣ ልጄ እንዴት ታየኛለች የሚለው ከዕውቀቱ እኩል እንደሚጎትተው። «ሐፍረት በቴርሞሜትር አይለካም፤ ግን እንደ ትኩሳት ሰው ይጥላል» ያለችኝ ቀን መቀሴን አስቀምጬ አየኋት። ከአንድ ሳህን አብሬያት የበላሁ እኅቴ ናት። ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው?

የመመረቂያዋ ርዕስ እንዲህ ነበር፤ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ለምን ያቋርጣሉ? የምታጠናው ደግሞ የራሳችንን ሠፈር። መጠይቁን መጀመሪያ እማዬ ላይ ሞከረችው፤ እማዬም የግፊት ታማሚ ናት። ከዚያ ጋወኗን ለብሳ፣ እንደ ጠብታው ጊዜ ከበር በር ዞረች። ያልተቀበላት የለም። ወንበር እየተጠረገ፣ ውሃ እየቀረበ፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መለሰላት። መድኃኒት አቋርጠው ያውቃሉ? በጭራሽ። ረስተው ያውቃሉ? ኧረ እኔ! ሰዓቱን ያሳልፋሉ? ደቂቃ አላዛንፍም።

እትዬ ስትመለስ ፊቷ ያበራል። «እንዲህ ያለ ሠፈር ውስጥ ነው እንዴ የምንኖረው?» አለችኝ።

የሚያማክራት መምህር በዕድሜ ታናሿ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ውጤቱን ኮምፒውተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ደግሞ ከታች እስከ ላይ።

«ሲስተር፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም ሰው፣ አንድም ቀን አልዘነጋም?»

«አዎ ዶክተር።»

«እኔ ራሴ እኮ የታዘዘልኝን ኪኒን ጨርሼ አላውቅም» አላት። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ጤና ጣቢያው ደግሞ የእነዚሁ ሰዎች ግፊት አልወረደም ይላል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ሰዎቹ ናቸው የመለሱት ወይስ እርስዎ ቤት ቁጭ ብለው ሞሉት?»

እሱም ሊያስፈራራት ፈልጎ አልነበረም፤ እሱ እንኳ ቢያምናት ፈታኝ ኮሚቴው እንደማያምን ነው የነገራት። ምክንያቱን ፈልጋ ካላመጣች መረጃው የፈጠራ ነው ይባላል፤ የፈጠራ ከተባለ ስንብት ነው። ስንብቱ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው አያበቃም። ቁጥር ከራሷ ፈጥራ ጻፈች የተባለች ነርስ ነገ የማን ልጅ የክትባት ካርድ ላይ ትፈርማለች? ዕድሜዋን በሙሉ ያጠራቀመችው ስሟ ነበር ሚዛን ላይ የወጣው።

በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። ወደ ካስኩም አልሄደችም፤ ደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ከጎኗ ባለ ዳቦ ቤቷ ጎረቤታችን ቢጎዲን ተጠቅልላ ተቀምጣለች። በመስተዋት ተያዩ።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አለቻት እትዬ። «በእውነት አንድም ቀን ኪኒንሽን አቋርጠሽ አታውቂም?»

ባለ ዳቦ ቤቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዴ! ተሳሳትኩ እንዴ? እንደዚያ አይደለም መልሱ?»

«የምን መልስ?»

«ሦስተኛዋ ላይ 'በጭራሽ' ነው አሉን እኮ! እናትሽ ናቸው ያስጠኑን። ይኸው እኔ ሊጥ እያቦካሁ ስሸመድድ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «ስንት ሰጧት? ለምን አትነግሪንም? ሰው እኮ በጉጉት ሞቷል!»

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የተገለጠልን። እማዬ መጠይቁ ሲሞከርባት አንዷንም ሳትጥል በቃሏ ይዛለች። ከዚያ ቤት ለቤት ዞራ፣ «ልጄ ፈተና ላይ ናት፤ የምትፈተነው በእኛ መልስ ነው፤ እንዳታዋርዷት» ብላለች። ሠፈሩም አጠና። አባወራው ሚስቱን ጠየቀ፤ ሚስትየዋ ባሏን አረመች።

«እኔን ለማሳለፍ ብላችሁ?» አለች እትዬ።

«ታዲያ ለማን ብለን ነው? ለመንግሥት?»

እትዬ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ወዲያው ተቀየረና ፎጣ አንሥቼ ሰጠኋት። ጋወኑን ለብሳ መሄዷ ነበር ስህተቱ። ሠፈሩ ያንን ጋወን ሲያይ አፉን መክፈት ነው የለመደው፤ ይኸው ዛሬም ደስ የሚላትን ከፍቶ አሳያት። ፊቷን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ዓይኗ ሌላ ሆነ። «ይህ እኮ ነው ጥናቱ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አላውቅም።

አማካሪው ታሪኩን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቁን ያወቀችው። ከዚያ ቁም ነገሩን ያዘ። ሰው ለጠያቂው ደስ የሚለውን መመለሱ የታወቀ ነገር ነው አላት፤ መንደር ተሰብስቦ ሲያጠና ግን አልሰማሁም አለ። «እንደገና ይሞክሩ። የመጀመሪያውን ግን እንዳይጥሉት።»

እንደገና መሞከሩ ግን እንዲህ በአፍ እንደሚወራው አልሆነም። እትዬ ሰዉን ሰብስባ፣ «የሚያሳልፈኝ እውነቱ ነው፤ ያቋረጣችሁ ካላችሁ ሳትፈሩ ንገሩኝ» አለች። አወይ ጉድ! በማግስቱ ሠፈሩ በሙሉ አቋራጭ ሆኖ ጠበቃት። ከሁሉ የባሱት ጋሼ ሾፌሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት የሚኖሩ።

«ጻፊ!» አሏት። «እኔ ጨርሶ ውጬ አላውቅም። ሐኪሙንም በመልኩ አላውቀው!»

ሚስታቸው ከጓሮ፣ «ኧረ ዛሬ ጠዋት ፊቴ ውጠሃል!»

«ዝም በይ አንቺ! ልጅቷን እናሳልፋት!»

እትዬ መጥታ ካስኩ ሥር ገባች፤ መጽሐፍ እንኳ አልያዘችም። የሚጠላህን ሰው እውነት ማስወጣት ይቻል ይሆናል፤ የሚወድህንስ እንዴት ታደርገዋለህ? ከዚያ ብድግ አለች። ጋወኗን የኔ መስቀያ ላይ ሰቀለችው። በቤት ቀሚሷ ሆና፣ «ነይ ተከተይኝ» አለችኝ፤ ወጣን።

ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የያዘችው። ስለ ማቋረጥም፣ ስለ መርሳትም አይደለም። «መድኃኒትዎን የት ነው የሚያስቀምጡት? እስቲ ያሳዩኝ» ነው የምትለው። በቃ። ለዚህ የሚጠና መልስ የለማ! ምን ተብሎ ይሸመደዳል?

ባለ ዳቦ ቤቷ መጀመሪያ ፈዘዘች። ከዚያ ወደ ጓዳ ይዛን ገባችና ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ የእርሾ ጣሳ አወጣች። ኪኒኑ እዚያ ውስጥ ነው። «ሠራተኞቼ ካዩ ለደንበኛ ያወራሉ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ያቺ በጩኸቷ የምትታወቅ ሴትዮ። «በሽተኛ ያቦካውን ማን ይገዛል?» ሠራተኞቹ ከፊቷ ዞር ካላሉ ጣሳውን አትከፍትም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዞር አይሉም።

ጋሼ ሾፌሩ ከቤት ይዘውን ወጡ። ግቢያቸው ውስጥ ጎማዋ የተነፈሰ፣ ከቆመች የሰነበተች አሮጌ መኪና አለች። በሯን ከፈቱ፤ እንደ ድሮው መሪው ኋላ ገብተው ተቀመጡ፤ ዳሽቦርዱን ከፍተው ኪኒኑን አሳዩን።

«ጋሼ፣ እዚህ ለምን?»

«ልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መጀመሪያ የምትከፍተው መሳቢያዬን ነው። ካየች ወደ እሷ ልትወስደኝ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ግቢ አልወጣም።» መሪውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «እዚህ ስቀመጥ በሽተኛ አይደለሁም። ሾፌር ነኝ።»

«ዝናብ ሲሆንስ? ጉልበትዎን ሲያምዎትስ?»

«ያን ቀንማ... መኪና ድረስ ማን ይሄዳል?»

እትዬ አልጻፈችም። እኔ ደግሞ ከመኪናዋ እስከ ቤታቸው ደጃፍ ያለችውን መንገድ አየሁ። የእኚህ ሰው ግፊት የማይወርደው በዚች አጭር መንገድ ምክንያት ነው። ማን ሐኪም ያውቃታል? በየትኛው መሣሪያ ትታያለች? እኅቴ አንዲት ጥያቄ ጠይቃ አገኘቻት። እመኑኝ፣ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ በር ሳልፍ አንድ ነገር ይሰማኛል፤ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን አለች፤ የተቀመጠችበት ቦታ የሰውየውን ሕይወት በሙሉ ታወራለች። (ይህን ሁሉ ስዘረግፍ ምስጢር ያወጣሁ እንዳይመስላችሁ፤ እትዬ የማንንም ስም አልጻፈችም፤ ባለቤቶቹ ግን አሁን ራሳቸው ናቸው በየመንገዱ የሚያወሩት።)

እማዬን ለመጨረሻ አቆየናት። እሷም መምጣታችንን ሰምታ ተዘጋጅታለች።

«የኔማ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ታውቂው የለ? ይኸው ማሸጊያው፤ ባዶ ነው፤ ውጬ ጨርሻለሁ።»

«ኪኒኑን ነው አሳዪኝ ያልኩሽ እማዬ።»

«አልኩሽ እኮ፣ አልቋል።»

«እማዬ።»

እማዬ እኔን አየች፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ ቀዩም ቁልፍ እንዳለ ነው፤ በመካከሉ ነጫጮቹ ኪኒኖች ነበሩ። አንድ በአንድ ከማሸጊያው እያወጣች፣ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ለእኛ እያስቀመጠች፣ ፍሬውን እዚህ ስትጨምር ኖራለች።

«ያስለኛል» አለች። «ስውጠው ሌሊቱን ሙሉ ያስለኛል። ስተወው ይተወኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያንቺ ጤና ጣቢያ አይደል የሰጠኝ? የልጄ መድኃኒት ጎዳኝ ብዬ ለማን ላውራ?»

እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ራሷን የእማዬ ጉልበት ላይ ጣለች። ያ መድኃኒት አንዳንድ ሰውን እንደሚያስል ታውቃለች፤ በሰው ቤት ቢሆን ወዲያው ትጠይቅ ነበር። በማግስቱ ሐኪሙ በሌላ ቀየረላት። እማዬ አሁን ኪኒኗን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች፤ «ይቺኛዋ ጨዋ ናት፤ አታስልም» እያለች።

እትዬ ጽሑፏን የጻፈችው ከዚህ ነው። ሰው መድኃኒቱን የሚደብቀው ከሚጠላው ሰው አይደለም፤ ከሚወደው ነው። መልሱንም ያሳመረላት በዚያው ፍቅር ነው። የተበላሸውን የመጀመሪያ መጠይቅ አንድም ሳትቀንስ አስገባችው፤ ጋወኑንም፣ የእማዬን አስጠኚነትም። ታዲያ ይህን ይዞ ፈታኝ ፊት መቅረብ ያስፈራል። አማካሪዋ እንኳ፣ «ከውጭ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ፈታኝ ቀልድ አያውቁም» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር።

ትናንት አዳራሹ ውስጥ የኋላው ረድፍ በሙሉ የእኛ ሠፈር ነው። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባለ ዳቦ ቤቷ እኔ ራሴ የሠራሁትን ፀጉር ይዛ። ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ሦስት ፈታኞች። እትዬ ስትጀምር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መኪናዋ ጋ ስትደርስ ግን ማንም አይተነፍስም። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ያቺን በዝናብ ቀን የማትታለፍ መንገድ በዓይኑ እያያት ነበር።

የውጭዋ ፈታኝ ሽበታም፣ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«የመጀመሪያው መረጃዎ ዋጋ የለውም። ይህን ራስዎ ጽፈዋል።»

«አዎ።»

«ሁለተኛውን ብቻ ቢያቀርቡ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር። ስህተቱን ለምን እዚህ መሐል አስቀመጡት?»

እትዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ብደብቀው» አለች፣ «እናንተም እንደ እናቴ ባዶ ማሸጊያ ነበር የማሳያችሁ።»

ፈታኟ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ኋላው ረድፍ ተመለከቱ፤ የትኛዋ እንደሆነች እየፈለጉ ይመስለኛል። እማዬ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ለመመካከር ሁላችንንም ወደ ኮሪደሩ አስወጡን። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ማንንም አታይም። ባለ ዳቦ ቤቷ ጠጋ ብላ፣ «እኛንም ጠርተው ይጠይቁን ይሆን? ምን ብንል ይሻላል?» አለች።

«እንዳታጠኑ!» ብላ ጮኸች እትዬ፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ፤ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ሳቅ ያፈነዳነው፤ እሷም ጭምር።

ስንመለስ ፈታኞቹ ቆመው ነበር። የውጭዋ ሴትዮ ናቸው የተናገሩት፤ አልፈዋል አሏት፤ ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ አስነብበዋለሁ አሏት፤ እጇንም ጨበጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጽሑፉ አለፈ፤ ስሟም እንደ ንጹሕ ጋወን ከነክብሩ ቤቱ ገባ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እማዬ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «ስንት አገኘን?» አለችኝ።

አገኘን! እኔ ምን ልበላት? ተማሪዋ እኅቴ ናት፤ ያነበበችውም፣ የተጨነቀችውም፣ ያለፈችውም እሷ ናት። ግን እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እናቴ የተሳሳተች አልመሰለኝም። እትዬን አየኋት፤ ከአማካሪዋ ጋር ቆማ እንደ ልጅ ትስቃለች፤ አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ አንድ ጥያቄ ይዛ ተነሥታ፣ ጥያቄዋ እዚህ ድረስ ሊያመጣት እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። እስካሁን ድረስ ያስደንቀኛል። ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ገና ፀጉር ቤቱን ሳልከፍት፣ «ቀጥሎ ደግሞ ምን ልጠይቅ?» እያለች ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ...

ኧረ ቆዩኝማ! ታክሲ ፊት ለፊት ቆመ። ጋሼ ሾፌሩ ናቸው፤ ልጃቸውን ጠይቀው ዛሬ መመለሳቸው ነው፤ ስልክ ደግሞ በጄ አይሉም። ገና አልሰሙም ማለት ነው! ጎረቤቴ ባለ ሱቁ ከኔ ቀድሞ እንዳይነግራቸው፣ ያውና ከመደብሩ ወጣ፤ ጋሼ! ጋሼ! እዚያው ይቁሙልኝ፣ መጣሁ!